በቅበላ የተሸኘው ጓዴ

ጓዴ ወልደ ኪዳን ለብዙ ሰው ቴሌቪዥን ገዝቷል፤ ለራሱ ግን አልነበረውም። ቢቸና ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነበር። የተቀጠረው አክታና ደም ሊመረምር ነው። ቴሌቪዥን መግዛት ሳያስበው የተጨመረበት ኃላፊነት ነው።

በጤና ጣቢያው ልማድ፣ ተዛውሮ የሚሄድ ሰው ሲኖር ሠራተኛው ያዋጣል፣ በግ ይታረዳል፣ ሽማግሌ ይመርቃል፤ በመጨረሻም ተሸኚው ስጦታውን ታቅፎ ከሁሉም መሃል ቆሞ ፎቶ ይነሣል። ስጦታው ድሮ ጋቢ ነበር፤ ኋላ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ሆነ። ወደ ደብረ ማርቆስ ለተዛወረች አንዲት ነርስ የተገዛውን ቴሌቪዥን ሱቅ ውስጥ ማንም ከፍቶ አላየውም፤ በባጃጅ ወንበር ላይ አጋድመው ነበር ያመጡት። ነርሷ አዲሱ ቤቷ ገብታ ካርቶኑን ስትከፍት መስተዋቱ ከጥግ እስከ ጥግ ተሰንጥቆ አገኘችው። ለማንም ላለመናገር ብትሞክርም ወሬው ቢቸና ደረሰ፤ ያዋጣው ሰው ሁሉ አፈረ። ከዚያ ወዲህ የጤና ጣቢያው ኃላፊ ሲስተር አስናቀች፣ አንዲትም ነገር የማታልፈው እሱ ነው ብለው ጓዴን ለግዢው መደቡት።

ጓዴ ቴሌቪዥን የሚገዛው ናሙና በሚመረምርበት ዓይን ነበር። ባለሱቁ ካርቶኑን እንዲከፍት ያደርጋል። ቴሌቪዥኑ ሲበራ መጀመሪያ ነጭ፣ ቀጥሎ ጥቁር ምስል አስወጥቶ ከቅርብም ከሩቅም ያየዋል፤ መስተዋቱ ላይ የተበላሸ ነጥብ ካለ በነጩ ላይ ጥቁር፣ በጥቁሩ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ያዳምጣል። የእግሮቹ ብሎኖች መሟላታቸውን ያረጋግጣል። ባለሱቆቹ ሲመጣ ሲያዩት ቀድመው በረጅሙ ይተነፍሳሉ፤ ይሁንና እሱ መርምሮ የወሰደው ዕቃ አንድም ቀን ተመልሶ መጥቶባቸው አያውቅም።

ማጓጓዙም የራሱ ሥርዓት ነበረው። ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ቆሞ እንጂ ተኝቶ አይሄድም። ለዚህ ሲል ከብስክሌቱ ኮርቻ እስከ ኋላ መጫኛው የሚደርስ፣ እንደ ጠባብ መደርደሪያ ያለ የጣውላ ማቆሚያ ሠራ። ካርቶኑን እዚያ ውስጥ ያቆምና ከአሮጌ ጎማ በተቆረጠ ላስቲክ ጠፍሮ፣ በእግሩ እየሄደ ብስክሌቱን ከገበያ እስከ ጤና ጣቢያው ይገፋል። መንገድ ላይ የሚያገኘው ሰው፣ በዚህኛው የሚሄደው ማን እንደሆነ ይጠይቀዋል።

ብስክሌቱ የሥራ መሣሪያውም ነበር። ከገጠር ጤና ኬላዎች የአክታ ናሙና የሚያመጣው በሱ ነው። የቢቸና ዙሪያ መሬት ዋልካ ስለሆነ፣ በክረምት ጭቃው በጎማውና በፓራፋንጎው መሃል እየገባ ጎማውን አላላውስ ይለዋል። ስለዚህ በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ ፓራፋንጎዎቹን ይፈታል፤ መስከረም ሲጠባ መልሶ ያስራል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ካቴናውን አውልቆ በናፍጣ ያጥባል፤ ከደረቀ በኋላ በየመጋጠሚያው ጥቂት ዘይት ጠብ ያደርግና ትርፉን በጨርቅ ይጠርገዋል፤ የተረፈ ዘይት አቧራ ይስባል። ብስክሌቱን ገልብጦ ጎማውን ያሽከረክርና ቸርኬው ከተወላገደ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በጣቱ እየነካ፣ የላላውን በድምፁ ለይቶ ያጠብቃል።

የጤና ጣቢያው ጥበቃ አያ ፋንታ ሁልጊዜ ከበሩ ሆነው ያዩት ነበር። አንድ ቅዳሜ፣ ለሚስቱም የዚህችን ግማሽ ያህል ጊዜ ቢሰጣት ኖሮ ይሄኔ የልጆች ጭፍራ ባፈራ ነበር አሉት። ጓዴ ሳቀ። ቀልዱ ግን ሌላ ቦታ ነበር የነካው።

ሚስቱ ይርጋነሽ ሞጣ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት። ከተጋቡ ጀምሮ አብረው ያደሩባቸው ቀናት፣ ፈቃዱም በዓሉም ቢደመር፣ ብዙ አይሆኑም። ልጃቸው እፀገነት ሁለተኛ ክፍል ደርሳለች። ጓዴ ሞጣ ሲሄድ የመጀመሪያውን ቀን ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ሆና ታየዋለች፤ በሁለተኛው ቀን ትቀርበዋለች፤ ተላምደው መጫወት ሲጀምሩ የመመለሻው ቀን ይደርሳል። የዝውውር ማመልከቻ በየዓመቱ ያስገባል። ከዓለም የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ከነሱ ጋር በአንድ ቤት መኖር።

በመጨረሻ መንገድ የተገኘ መሰለ። ብሩክታይት የምትባል የሞጣ የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ባሏ ቢቸና ባንክ ስለሚሠራ ቦታ እንለዋወጥ ብላ ደወለች። ሁለቱም አመለከቱ፤ የሁለቱም ኃላፊዎች ተስማሙ። የቀረው የዞኑ ማጽደቅ ብቻ ነበር፤ እሱንም ሁሉም እንዳለቀ ቆጠረው።

ስሕተቱ የተሠራው እዚህ ላይ ነው። ዐቢይ ጾም ሊገባ ጥቂት ቀናት ቀርተው ነበር። ጓዴ ደብዳቤው እስኪደርስ እንጠብቅ ቢልም ሲስተር አስናቀች አልሰሙትም።

«ደብዳቤው በጾም ቢመጣ በሽሮ ልንሸኝህ ነው?» አሉ። «እንዲህ ያለ ሽኝት አይቼም አላውቅ።»

በጉ ገና ሳይገዛ ሠራተኛው ሁሉ በሐሳቡ ተስማማ። ሽኝቱ በቅበላ ሳምንት እንዲሆን ተወሰነ።

ቴሌቪዥኑን ሌላ ሰው እንዲገዛለት ጓዴ ለመነ። ሲስተር አስናቀች፣ ደግሞ የተሰነጠቀ ልናሸክምህ ነው ወይ ብለው ራሱን ላኩት። የዚያን ቀን ለሌላው ሰው የሚያደርገውን ያህል አልመረመረም። በቆየ ቁጥር ለራሱ የሚሳሳ እየመሰለው ነጩን ብቻ አይቶ ካርቶኑን አስዘጋ። ብስክሌቱን እየገፋ በገበያው ሲያልፍ በዚህኛው የሚሄደው ማነው ብለው ሲጠይቁት፣ አንገቱን ደፍቶ «እኔ» አለ።

በሽኝቱ ቀን አያ ፋንታ ተነሥተው መረቁት። «ቤትህን ያቁምልህ። ልጅህ በዓይንህ ሥር ትደግ። የወጣህበት መንገድ አይመልስህ።» ሁሉም አሜን አለ። ጓዴ ከካርቶኑ ጋር ፎቶ ተነሣ። በፎቶው ላይ ልክ ቅጣት የተጣለበት ተማሪ ይመስላል፤ ሆኖም ደስ ብሎት ነበር።

በማግስቱ ለአከራዩ ቤቱን እንደሚለቅ ነገራት። በየወሩ ጽዋ ከሚጠጣበት ማኅበር ተሰናበተ፤ በቦታው ሌላ ሰው ገባ። ሞጣ ያለችው ይርጋነሽ ደግሞ ቁምሳጥኑን ከግድግዳው አንሥታ ለቴሌቪዥኑ ቦታ አበጀች፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርታ አዲስ ሶኬት አስገጠመች። እፀገነት አባቷ ሊመጣ እንደሆነ ለክፍል ጓደኞቿ ሁሉ አወራች።

ጾሙ በተጋመሰ ጊዜ ሲስተር አስናቀች ወደ ላቦራቶሪው ገብተው በሩን ከኋላቸው ዘጉ። የብሩክታይትን ባል ባንኩ ወደ ሌላ ከተማ እንዳዛወረው ነገሩት። እሷም ቢቸና የምትመጣበት ምክንያት ስለሌላት ጥያቄዋን አንሥታለች። የሚለዋወጠው ሰው ከሌለ ዝውውርም የለም።

«ለጊዜው ነው» አሉ ሲስተር አስናቀች። ጓዴ ማይክሮስኮፑ ላይ ያለውን ናሙና ገና አንብቦ አልጨረሰም ነበር። እሺ አለና ማንበቡን ቀጠለ።

ጓዴን ያስቸገረው መቅረቱ ብቻ አልነበረም። ተሸኝቶ መቅረቱ ነው። ያልተሸኘ ሰው የዝውውር ጥያቄው ውድቅ ቢሆን፣ አይዞህ ለከርሞ ይሉታል፤ ነገሩ ያልቃል። የተሸኘ ሰው ግን በየማለዳው ሥራ ሲገባ የሚያየውን ሁሉ ግራ ያጋባል። መንገድ ላይ፣ አልሄድህም እንዴ የሚለው ብዙ ነው። መልስ መስጠት ሲሰለቸው በገበያው ማለፍ ትቶ በኋላ በኩል ባለው ቀጭን መንገድ መሄድ ጀመረ። አከራይዋ ቤቱን ለሌላ ሰው ቃል ገብታበት ስለነበር፣ ሰውዬው እስኪመጣ ብቻ ብላ ፈቀደችለት። ማኅበርተኞቹ ናልን ቢሉትም፣ የተተካው ሰው ፊት መቀመጥ ስለከበደው ቀረ።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ቀልዱ አላለቀም። የመድኃኒት ክፍሉ ይታገስ፣ ምላሱ የማያርፍ ወጣት፣ አንድ ቀን ሠራተኛው ሻይ በሚጠጣበት፣ «ያ በግ ራሱ ቢነሣ ኖሮ ካንተ ቀድሞ ሞጣ ይደርስ ነበር» አለው። ሁሉም ሳቀ፤ ጓዴም አብሮ ሳቀ። ይታገስ ክፋት አልነበረውም።

ካርቶኑ ከአልጋው ግርጌ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ነበር። ጓዴ አልከፈተውም። ይርጋነሽ በስልክ፣ ለምን አታየውም፣ ማታ ማታ ያጫውትህ ነበር ብላዋለች። አይሆንም አለ። ቢቸና ውስጥ ከከፈተው ቢቸና ለመቅረት የተስማማ ይመስለው ነበር። እንደተዘጋ እስከቆየ ድረስ እሱም ገና መንገደኛ ነው።

ፋሲካ አለፈ፤ ግንቦት ገባ። በዚያ ወር ወደ ሞጣ የሚወስደው መንገድ በጸጥታ ችግር ለመኪና ተዘጋ። በደጀን በኩል አልፎ አልፎ ሚኒባስ ቢመጣም፣ ነጋዴዎች የሚሰበር ዕቃ ማስጫን ፈሩ፤ የቢቸና ሱቆች መደርደሪያ ባዶ ሆነ። ይታገስ ደብረ ማርቆስ በአንድ መድኃኒት ቤት የተሻለ ሥራ ያገኘው በዚሁ ጊዜ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ሊሄድ ነው፤ መዋጮው ተሰብስቧል፤ ጓዴ ሱቅ ለሱቅ ቢዞርም ቴሌቪዥን አላገኘም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሲስተር አስናቀችና አያ ፋንታ ወደ ጓዴ ቤት መጡ። ሲስተር አስናቀች ቤቱን ረግጠውት አያውቁም ነበር። ጓዴ አንዷን ወንበር ለሳቸው ሰጥቶ አያ ፋንታን አልጋው ላይ አስቀመጣቸው። ስለ ዝናቡ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ጤፍ ተወራ። ካርቶኑን ላለማየት ሦስቱም ይጠነቀቁ ነበር።

«ዕቃ እንደሌለ ከኛ ይልቅ አንተ ታውቃለህ» አሉ በመጨረሻ ሲስተር አስናቀች። «ልጁን ባዶ እጁን መስደድ ደግሞ ነውር ነው። ያንተን ብንዋስስ ብለን ነው ጓዴ። መንገዱ ሲከፈት አዲስ እንተካልሃለን። አንተ እስክትሄድ ይደርሳል።»

አያ ፋንታ መሬት መሬቱን ያያሉ። ጓዴ ካርቶኑን አየ። በእነዚህ ወራት ሁሉ ትሄዳለህ፣ አይዞህ ሲለው የነበረ ሰው፣ በልቡ የሚያምነው ሌላ እንደነበረ አሁን ገባው። ማንም አልዋሸውም። እንደማይሄድ ግን ሁሉም ያውቁ ነበር።

«መጠኑ ይበቃል?» አለ።

«ይበቃል እንጂ» አሉ ሲስተር አስናቀች፤ ፊታቸው ቀላ።

ሰኞ ዕለት ካርቶኑን ራሱ አወጣው። ማቆሚያው ላይ አቁሞ በላስቲክ ጠፈረውና በገበያው መሃል እየገፋ ወሰደው። ጤና ጣቢያው ሲደርስ ሶኬት ላይ ሰክቶ አበራው፤ በቅበላ ያላየውን ጥቁሩን አሁን አየ። ምንም ጉድለት አልነበረበትም። ስጦታው ሲሰጥ ይታገስ የዕቃውን ታሪክ ሰምቶ ኖሮ፣ እንደ ልማዱ አልቀለደም። ፎቶ ሲነሡ ጓዴን ጎትቶ አመጣውና የካርቶኑን አንድ ጫፍ እሱ፣ ሌላውን ጓዴ ይዘው ተነሡ።

ያን ቀን ማምሻውን ኔትወርክ ሲመለስ ጓዴ ለይርጋነሽ ደውሎ ነገራት።

«ለሰው ሰጠኸው?» አለች።

«አዋስኩ።»

ከጀርባዋ እፀገነት የምታነበው ነገር ይሰማው ነበር፤ አንድ ዐረፍተ ነገር ላይ ቆማ ትደጋግመዋለች።

«እንግዲያው አንተም እዚያው ነህ» አለች ይርጋነሽ። ቁጣ አልነበረበትም። እራት በላህ ወይ እንደምትለው አድርጋ ነው ያለችው። ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ፤ እሷ ትዝጋው ኔትወርኩ ይሂድ ጓዴ አላወቀም።

በማግስቱ ሲስተር አስናቀች ቢሮ ገብቶ ሥራ እንደሚለቅ ነገራቸው። ሲስተር አስናቀች የቴሌቪዥኑ ነገር ነው ብለው ደነገጡ። ምክንያቱ እሱ እንዳልሆነ ብዙ ደክሞ አስረዳቸው። የዓመት ፈቃድህን ውሰድ፣ እረፍ፣ ተመለስ አሉት። ፈቃዱ ሲያልቅ እንደገና የሚመለሰው ወደዚሁ እንደሆነ ነገራቸው። ሞጣ ምን ሠርተህ ልትበላ ነው ሲሉት፣ እስካሁን አላውቅም፣ የብስክሌት ጥገናም ቢሆን እሠራለሁ አለ። ዲፕሎማ ይዘህ የሰው ጎማ ልትለጥፍ አሉና ራሳቸው በንግግራቸው አፈሩ።

«ሁለተኛ ልንሸኝህ አንችልም እኮ» አሉ።

«ተሸኝቻለሁ ሲስተር።»

ማክሰኞና ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ብስክሌቱን ሲጠግን ዋለ። የሁለቱንም ጎማ መሃል ፈትቶ ኩሽኔታዎቹን አጠበ፤ የተበሉትን በአዲስ ተካ፤ ግራሶ ሞልቶ ገጠመ። የፍሬኑን ላስቲክ ለወጠ። ዝናቡ ገና ባይጠናም ፓራፋንጎዎቹን ፈታ። ቀጥሎ የጣውላውን ማቆሚያ ከኮርቻው ላይ ነቅሎ ወደ ላቦራቶሪው አስገባና ከበሩ ጀርባ አቆመው። አያ ፋንታ መፍቻ እያቀበሉት ነበር።

«ከእንግዲህ ቴሌቪዥን ማን ሊያመጣ ነው ታዲያ?» አሉ።

ጓዴ፣ ቆሞ እንጂ ተኝቶ እንዳይሄድ ብቻ ይንገሩልኝ አላቸው። አያ ፋንታ ሊመርቁት እጃቸውን አነሡ፤ ያን ጊዜ የመረቁት ትዝ አላቸው መሰል፣ እጃቸውን መልሰው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

ሐሙስ ማለዳ የሄደው ያለ ሸኚ ነው። መንገዱ ላይ መኪና አልነበረም፤ በአህያ እህል የጫኑ ገበያተኞችና እግረኞች ብቻ። ዳገት ሲሆን እየገፋ፣ ሜዳ ሲሆን እየጋለበ ደብረ ወርቅ ደርሶ አደረ። በየመሃሉ መንገደኛ የሚፈትሹ ሰዎች ከየት መጣህ፣ የት ትሄዳለህ ይሉታል። ወደ ቤቴ ይላል። መታወቂያው ላይ ያለው የቢቸና አድራሻ ስለሆነ ሁለቴ ቤትህስ በዚያ ነው ብለው አቆይተውታል። በሁለተኛው ቀን ጎማው እሾህ ወጋው፤ መንገድ ዳር ተቀምጦ ለጠፈው። ሞጣ የገባው ከሰዓት በኋላ ነው።

በሩን የከፈተችለት እፀገነት ናት። አየችውና ከጀርባው ሌላ የሚመጣ ነገር እንዳለ ለማየት አንገቷን አስግጋ ወደ መንገዱ ተመለከተች። ከዚያ ለእንግዳ እንደሚደረገው ገለል አለች።

«ይግቡ። እናቴ ከትምህርት ቤት አልመጣችም» አለችው።

ወንበር ሰጠችው፤ ውኃ አመጣችለት። ከግድግዳው አጠገብ ባዶ ቦታ፣ ከበላዩም አዲስ ነጭ ሶኬት ይታያል። ትምህርት እንዴት ነው አላት፤ ደህና ነው አለችው።

ይርጋነሽ ስትመጣ ግቢው ውስጥ የቆመውን ብስክሌት አይታ ስለነበር፣ ቤት የገባችው ቀስ ብላ ነው። ሳመችው። እጇ ላይ የጠመኔ ብናኝ ነበር። በደህና መድረሱን፣ መንገዱ እንዴት እንደሆነ ጠየቀችው። ከዚያ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ፈቃድ ነው?»

«አይደለም።»

«ጸደቀልህ?»

«አልጸደቀም። ለቅቄ መጣሁ።»

ይርጋነሽ ተነሥታ የመስኮቱን መጋረጃ ገለጥ አደረገች፤ መልሳ ለቀቀችው። በልጅ አፍ፣ በጎረቤት አፍ፣ በትምህርት ቤቱ ሠራተኛ አፍ ምን እንደሚባል ታስብ ነበር። እኔ ብቻዬን በማገኘው ሦስታችን እንዴት እንደምንኖር አስበህበታል ወይ አለችው። አስቤበታለሁ አለ፤ ያሰበውንም ተናገረ፤ ሲናገረው ከገመተው ያነሰ ሆነበት። አንድ የመሣሪያ ሳጥንና መንገድ ዳር የሚቀመጥበት ቦታ ነበር ያለው። ይርጋነሽ እስኪጨርስ አላቋረጠችውም። ሂድም፣ ተቀመጥም አላለችውም። ልጇን ጠራች።

«ነገ ሰው ከጠየቀሽ አባቴ ፈቃድ ላይ ነው በይ።»

እፀገነት አንዴ እናቷን፣ አንዴ አባቷን አየች። «እስከ መቼ ነው የምለው?»

ጓዴም የሚስቱን መልስ ይጠብቅ ነበር። ይርጋነሽ እጇን ታጥባ እየጨረሰች ነበር፤ አላየችውም።

«ክረምቱ እስኪወጣ» አለች።

እፀገነት ራሷን ነቀነቀች። አባቴ ፈቃድ ላይ ነው፣ አባቴ ፈቃድ ላይ ነው እያለች፣ የቃል ጥናት እንደተሰጣት ሁሉ ለራሷ በለሆሳስ ስትለማመድ ቆየች። ከዚያ ከበሩ ሥር የነበረውን የጓዴን ቦርሳ በሁለት እጇ አንሥታ፣ ከብዷት እየጎተተች፣ ወደ ጓዳ አስገባችው።